ወላጅ አምጣ የተባለው መምህር

አምና ጡረታ የወጣሁ ቀን ባልደረቦቼ አንድ ሳጥን ለስላሳ፣ አንድ ትልቅ ኬክና አንድ ጋቢ ይዘው ሸኙኝ። በድሬዳዋ ሙቀት ጋቢ ምን እንደሚሠራልኝ እስካሁን አልገባኝም። ንግግር አድርግ ተባልኩ። ከወጣቶቹ አንዷ፣ "ቲቸር ታዬ፣ ጥሩ መምህር ማለት ምን ዓይነት ነው? አንድ ነገር ብቻ ንገረንና ኬኩን እንቁረስ" አለችኝ።

"ፈሪ ነው" አልኩና ቁጭ አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አልቀለድኩም ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር አንድም ቀን ሳልፈራ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ችግሩ መፍራቴ አልነበረም። ችግሩ፣ አንድ ቀን መፍራት የነበረብኝን ትቼ ሌላ ነገር መፍራቴ ነው። ያን ቀን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ሙሉውን ተናግሬው አላውቅም። አሁን እጄ ሥራ ፈትቷልና ልጻፈው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ሁርሶ አካባቢ ነበር። ወታደሮች የሚሠለጥኑበት ቦታ ቅርብ ስለሆነ የተኩስ ልምምድ የተጀመረ እንደሆነ የክፍሉ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። በሁለተኛው ቀን የማባዛት ሠንጠረዥ እየጻፍኩ ተኩሱ ድንገት ሲንጣጣ ጠመኔዬን ጥዬ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ ጎንበስ ብላ አየችኝና፣ "አይዞህ ቲቸር፣ ልምምድ ነው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ እዚያ በቆየሁበት ሁለት ዓመት ሙሉ ተኩስ በተሰማ ቁጥር አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ "አይዞህ ቲቸር" ይለኝ ነበር። ደመወዜ ከቤት ኪራይ አልፎ ለሰላምታ እንኳ አይበቃም ነበር፤ እሱን ልተወው።

ወደ ድሬ ስመለስ የደረሰኝ ትምህርት ቤት ከደቻቱ ወዲህ ማዶ ነው። ደቻቱን ለማያውቅ፦ ስሙ ወንዝ ነው እንጂ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ፍየል ይተኛበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ቀፊራ ገበያ ከማዶ ስለሆነ ከተማሪዎቻችን ግማሽ ያህሉ በየቀኑ ያንን አሸዋ አቋርጠው ይመጡ ነበር። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ ደንገጎ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ግንብ አክሎ ይመጣል። ደቻቱ ስንቱን እንደወሰደ የማያውቅ ድሬ ውስጥ የለም።

እዚያ ነው ቲቸር ዘሃራን ያገኘኋት። አንቱ ልላት ስሞክር፣ "አቦ ተወኝ፣ አታስረጀኝ! ድሬ ነው ያለኸው" ብላ አንቺ እንድላት ያዘዘችኝ ራሷ ናት። ቀጭን፣ ድምፀ ዝቅተኛ፣ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሻርፕ የምትለብስ የቀፊራ ልጅ ነበረች። የመጀመሪያውን ወር ከክፍሏ ኋላ ተቀምጬ እንዳያት ተደረገ። ኮሌጅ ውስጥ ከተማርኩት ሁሉ ያ ወር ይበልጣል።

አዲስ ጠመኔ ስታወጣ መጀመሪያ ለሁለት ትሰብረዋለች፤ እንዲያ ሲሆን ሰሌዳው ላይ አይጮህም። ስትጽፍ ጀርባዋን ሰጥታ አትቆምም፤ በጎን ቆማ አንድ ዓይኗ ሰሌዳው ላይ፣ አንዱ ልጆቹ ላይ ነው። ጥያቄ ስትጠይቅ ስም አስቀድማ አትጠራም። "አህመድ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?" ካልክ ከአህመድ በቀር ሁሉም አርፎ ይተኛል ትል ነበር። ጥያቄውን ትጥልና ዝም ትላለች። ዝምታው ያስፈራል፤ ወንበር ሲያቃስት ይሰማል። በልቧ እስከ አሥር ቆጥራ ነው ስም የምትጠራው። ልጁ አማርኛው ካጠረው፣ "በሶማሊኛ በለው፣ በኦሮምኛ በለው፣ ሀዬ፣ ብቻ በለው" ትለዋለች፤ አጠገቡ ያለው ይተረጉማል።

አንድ የከለከለችኝ ቃል ነበር፦ "ገባችሁ?" ማለት። "ገባችሁ ካልካቸው 'ገባን!' ይሉሃል። ልጅ ሁሉ ይላል። በዚያች 'ገባን' ውስጥ ስንቱ ተደብቆ እንደሚያልፍ አታውቅም" አለችኝ።

ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ግን በረንዳው ነው። ከሰዓት በኋላ ፈረቃ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊትና ከማለቁ በፊት፣ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ወደ ደንገጎ ትመለከታለች። ተራራው ጠቁሮ ከሆነ ማዶ የሚሻገሩትን ልጆች አትለቅም። ቆጥራቸው፣ ሰልፍ አስይዛ፣ በድልድዩ በኩል ዞራ ራሷ ታደርሳቸዋለች። አንዳንዱ መምህር ይስቅባት ነበር። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ትላለች እሷ። ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦ "ስሙን ጠርተህ 'አቤት' ካለህ በኋላ ልጁ ያንተ ነው። ከክፍል ከማስወጣትህ በፊት የት እንደሚሄድ ጠይቅ። እኔ ይህን ስፈራ ነው የኖርኩት።"

እሷ ጡረታ ስትወጣ በረንዳውን ወረስኩ። በየዓመቱ የመጀመሪያ ቀን አዲሶቹን ልጆች እዚያ አቁሜ ተራራውን አሳያቸዋለሁ፤ "ደንገጎ ከጠቆረ አሸዋው ላይ አትውረዱ" እላቸዋለሁ። እነሱም "እሺ!" ይላሉ።

ስምንት ዓመት ይሆነዋል። ሚያዝያ ነበር። አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ፈርሂያ የምትባል ልጅ ነበረችኝ፤ እናቷ አሚና ቀፊራ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ፈርሂያ አማርኛ የምትሰማውም የምትናገረውም በጣም ጥቂት ነበር። ከፊት ትቀመጣለች፣ ልጆቹ "ገባን!" ሲሉ አብራ "ገባን!" ትላለች፣ ደብተሯ ግን ነጭ ነው። እኔም ቲቸር ዘሃራ የከለከለችኝን ቃል ቀስ በቀስ መልሼ ለምጄው ነበር። ልጆቹ በዝተዋል፣ ጊዜው አጥሯል፤ ምክንያት አይጠፋም።

ያን ቀን ሱፐርቫይዘር ይመጣሉ ተባለ። ክፍል ገብተው፣ ከኋላ ተቀምጠው፣ ቅጽ የሚሞሉ ሰው ናቸው። በፊተኛው ዓመት ለሌላ መምህር የሞሉት ነጥብ ሰውየውን ከደረጃ ዕድገት አስቀርቶታል። እኔም ዕድገቴን እየጠበቅኩ ነበር። ዕቅዴን ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። ወንበር አስተካከልኩ፣ ጥፍር አየሁ፣ ደብተር አየሁ። የፈርሂያን ደብተር ስገልጠው ነጭ ነው። ከፊት ናት። ሰውየው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያነሱት ደብተር የሷ ነው።

ወደ ኋላ ላስቀምጣት እችል ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ሁለት መስመር ላጽፋት እችል ነበር። እኔ ግን በፍርሃቴ ሁላችንም የምናውቃትን፣ ማንም ለምን የማይልባትን ዘዴ መዘዝኩ። "ውጪ! ወላጅ ይዘሽ ነይ!" አልኳት። ጥፋት ስላጠፋች አልነበረም። ከዓይን እንድትርቅልኝ ነው። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ አየችኝ። "እናቴ ቀፊራ ናት" አለች ቀስ ብላ። "ሂጂ አልኩሽ!" አልኩ።

ያን ቀን በረንዳው ላይ አልቆምኩም። ሱፐርቫይዘሩ የሚመጡበትን በር ሳይ ወደ ተራራው አላየሁም።

ሰውየው ገቡ፣ ተቀመጡ። እውነቱን ለመናገር ትምህርቱ አማረልኝ። ጠመኔዬን ለሁለት ሰበርኩ፣ በጎን ቆምኩ፣ ጥያቄ ጥዬ እስከ አሥር ቆጠርኩ። የቲቸር ዘሃራን ሙያ ሁሉ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። በስድስትና በሰባት መካከል እየቆጠርኩ ሳለ ነው ድምፁን የሰማሁት። የሚመጣ ባቡር ይመስላል። ባቡር ግን በዚያ በኩል የለም። ከዚያ ከወንዙ ወገን የሰው ጩኸት ተከተለ።

ልጆቹ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ ያየሁት ባዶውን የፈርሂያን ቦታ ነው። "ይቅርታ" አልኩ መሰለኝ፣ ወይም ምንም አላልኩም፤ ጠመኔውን እንደያዝኩ ወጣሁ።

የበሩ ጥበቃ፣ "አዎ፣ አንዲት ልጅ የወጣች መሰለኝ" አለኝ። መሰለኝ! ሮጥኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ወንዙ ዳር ስደርስ አሸዋው የለም። ቡናማ ውሃ ግንድ፣ ጎማ፣ በርሜል ይዞ ይወርዳል። ሰው ዳር ለዳር ቆሞ ይጮኻል። "ልጅ አይታችኋል? ትንሽ ልጅ፣ ደብተር የያዘች" እያልኩ እያንዳንዱን ሰው እጁን እየያዝኩ ጠየቅኩ። አንዱ "አላየሁም" ይላል፤ አንዱ "አንድ ነገር ሲያልፍ አይቻለሁ፣ ሰው ይሁን ዕቃ አላወቅሁም" አለኝ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ግን በዚያች ቀን ይህን ሳልፈራው ነው የደረሰብኝ።

በድልድዩ ዞሬ ቀፊራ ገባሁ። በዚያ ግርግር አሚናን በሙያዋ እየጠየቅኩ አገኘኋት፤ ሚዛኗ ላይ በርበሬ እያደረገች ነበር። "ፈርሂያ መጥታለች?" አልኩ።

"ፈርሂያ አንተ ጋ ናት" አለች እየሳቀች። "ዛሬ ከሰዓት ነው እኮ ፈረቃዋ።"

"ልኬያት ነበር። አንቺን እንድትጠራ።"

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። በወንዙ በኩል ያለውን ጩኸት ያኔ የሰማችው መሰለኝ። ሚዛኑን ጣለችው። ጫማዋን ጥላ ስትሮጥ ተከተልኳት፤ ወንዙ ዳር ስንደርስ ልትገባ ነው። ሦስት ሴቶች ወገቧን ይዘው አስቀሯት። በሶማሊኛ ነበር የምትጮኸው፤ የልጇን ስም ብቻ ነው የለየሁት። አንዴ ዞራ አየችኝ። ከዚያ በፊትም በኋላም ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ውሃው ቢወስደኝ በወደድኩ ነበር።

ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ስልኬ ጮኸ። ርዕሰ መምህሩ ነበር። "ታዬ፣ የት ነህ? ልጅቷ እዚህ ናት!" አለኝ። ስልኩን አሚና ጆሮ ላይ አደረግሁላት።

ፈርሂያን ያገኘቻት የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከክፍሌ መስኮት ሥር፣ በግድግዳውና በውሃ ታንከሩ መካከል፣ ደብተሯን አቅፋ ቁጭ ብላ ነበር። ትምህርቱን ሁሉ እዚያ ሆና ሰምታዋለች። ሮጠን ደርሰን እናቷ አንስታ ስታቅፋት እኔ ከፊቷ ተንበረከክሁ። "ለምን አልሄድሽም?" አልኳት።

ልጅቷ ልትቀጣ መስሏት ፈራች። በተሰባበረ አማርኛ፣ "ደንገጎ ጥቁር ነው። አሸዋ አትውረዱ አልክ። አንተ አልክ፣ ቲቸር" አለችኝ።

ምንም አይገባትም ያልኳት ልጅ ካስተማርኩት ሁሉ ዋናውን ነገር ይዛዋለች። እንድትሄድ አዝዣታለሁ፣ እንዳትሄድም አስተምሬያታለሁ፤ በሁለቱ መካከል ግድግዳ ሥር ተቀመጠች። አለቀስኩ። ሱፐርቫይዘሩ የሞሉት ቅጽ ሲደርሰኝ "የክፍል አያያዝ" በሚለው ፊት "እጅግ በጣም ጥሩ" ይላል። እስካሁን አስቀምጬዋለሁ፤ አንዳንዴ አውጥቼ አየዋለሁ፣ ያመኛል።

በማግስቱ ፈርሂያ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። ቀፊራ ሄድኩ፤ ከእናቷ ኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሚጥሚጣ በላስቲክ ትቋጥራለች። አሚና ቀና ብላ አላየችኝም። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ተናገረች።

"እኔ እዚህ ስውል አልፈራም ነበር፣ ዋላሂ። አስተማሪ ጋር ናት እያልኩ በርበሬዬን እሸጣለሁ። አሁን ማን ጋር ናት ልበል? እዚህ ማንም 'ውጪ' አይላትም።"

"ጥፋተኛ ነኝ። ምን ላድርግ? ንገሪኝ" አልኳት።

"ጥፋተኛ ነህ? እንግዲያ ወላጅ አምጣ" አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። ቀልድ አይደለም። በአካባቢው ያሉት ሻጮች ሁሉ ሥራቸውን ትተው ያዩኛል። እናትና አባቴ ሁለቱም አልፈዋል። ወላጅ የሌለው ተማሪ እንደሚያደርገው አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ።

ቲቸር ዘሃራ ጉልበቷን ታማ ቤቷ ተቀምጣ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሱፐርቫይዘሩም ጭምር። እየሰማች ፊቷ አልተለወጠም፤ ያ ዝምታዋ ነበር፣ እስከ አሥር የምትቆጥርበት። ከዚያ "ባጃጅ ጥራ" አለችኝ።

ቀፊራ ደርሳ፣ በእኔ ክንድ ተደግፋ፣ አሚና ፊት ቆመች። "የዚህ ልጅ ወላጅ ነኝ" አለች። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። ማንም አልሳቀም። "ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከእኔ የተማረውን ጥሎ የሰውየውን ነጥብ ፈራ። ጥፋቱ የሱ ነው፣ አስተዳደጉ ግን የኔ ነውና እኔም አፉ በይኝ ብዬ መጥቻለሁ።"

ሁለቱ በሶማሊኛና በኦሮምኛ እያቀያየሩ ብዙ አወሩ። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። ፈርሂያ ከጆንያው ላይ ታየኛለች፤ መምህር ሲቀጣ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው መሰለኝ። በመጨረሻ አሚና ወደ እኔ ዞረች።

"ዘንድሮ አልፏል። የሚመጣው ዓመት ትገባለች። ግን ስማ ቲቸር፣ ከዛሬ ጀምሮ ወላጅ አምጪ ከተባለች የምትመጣው አንተ ነህ። ስልክህን በወላጅ ቦታ አስጽፍ። በዚያ አሸዋ ላይ የሚሮጠው አንተ ሁን።"

አስጻፍኩ። ልጅቷ በእኔ ምክንያት አንድ ዓመት ተቀጣች፤ ያ አይመለስም። ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስክወጣ ልጅ ከክፍል አስወጥቼ አላውቅም። "ገባችሁ?" ብዬም አላውቅም። ቲቸር ዘሃራ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈች።

በስምንቱ ዓመት ውስጥ ስልኩ አንድም ጊዜ አልጮኸም። ባለፈው ሚያዝያ ግን፣ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ ከሰዓት በኋላ ጋደም ባልኩበት፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። "የፈርሂያ ወላጅ ነዎት? አሁኑኑ ትምህርት ቤት ይምጡ" አለ አንድ የተቆጣ የወጣት ድምፅ። ፈርሂያ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷም ከድሮው ትምህርት ቤታችን ብዙም አይርቅም። ምን ሆነች ብዬ ሳልጠይቅ ዘጋው። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ድልድዩ አጠገብ የተሳፈርኩበትን ባጃጅ አስቆምኩት። አሸዋው ደረቅ ነው፣ ሰው ይሻገራል። ቀና ስል የደንገጎ አናት ጠቁሯል። "አቦ ፋዘር፣ ምን ታያለህ? ፀሐይ ነው እኮ!" አለኝ ሹፌሩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ምን ልበለው? "ንዳ ልጄ፣ ቶሎ ንዳ" አልኩት።

ፈርሂያ ከአንድ ክፍል በር አጠገብ፣ በረንዳው ላይ ቆማለች። ቁመቷ ከእኔ በልጧል። ደህና መሆኗን ሳይ ግድግዳውን ያዝኩ። "ቲቸር፣ መጣህ?" አለችኝ፣ ምንም ሳታፍር። መምህሩ ከክፍሉ ወጣ፤ ለከተማው እንግዳ የሆነ፣ ከደጋ የመጣ ልጅ ነው፣ ፊቱ በላብ ርሷል።

"አባቷ ነዎት?"

"ወላጇ ነኝ።"

"ተማሪ ፊት አዋረደችኝ! አንዱ የቤት ሥራ አልሠራም፣ ውጣና ወላጅ አምጣ አልኩት። እሷ የክፍል አለቃ ናት፤ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። አላሳልፍም አለች። 'ደንገጎ ጠቁሯል' ነው የምትለኝ። ምን ማለት ነው ይሄ?"

"ልጁስ? ወጣ?" አልኩት።

"የት ይወጣል? ቆማበት! ውስጥ ነው። እሷን ነው ያስወጣኋት።"

እጁን ይዤ ወደ በረንዳው ጫፍ ወሰድኩት። ተራራውን አሳየሁት። ከታች ያለውን አሸዋ አሳየሁት። ገና ልነግረው አፌን ስከፍት ያ ድምፅ መጣ፤ የማላጣው፣ እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር የምሰማው ድምፅ። ከወንዙ በኩል ጩኸት ተነሣ። ወጣቱ መምህር ወደ ወንዙ ዞረ።

"ምንድን ነው?"

"ግባና ቁጠራቸው" አልኩት።

ሮጦ ገባ። በመስኮቱ በኩል ሲቆጥር ይሰማኛል። ጨረሰ፤ እንደገና ከአንድ ጀመረ። ከዚያ በሩ ላይ ብቅ አለ፤ ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ ወንዙ ዳር የነበረው የእኔ ፊት ነው።

"አንድ ጎደለኝ" አለ።

"እኔ ነኝ፣ ቲቸር" አለችው ፈርሂያ።

አያት። ትንፋሹን ለቀቀ። ከዚያ ከበሩ ላይ ገለል አለና፣ "ግቢ" አላት።